እሳትና ቁስል የማይችል ዛፍ፦ ስለ ሚርትል ቢች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ።

የዛሬው ዛፋችን ስሙ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቱን ግን ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ አዲስ አበባ የገባው ነጭ ባህር ዛፍ የትውልድ አገሩ ታዝማኒያና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በዚያው አገር፣ ቀዝቃዛና እርጥብ በሆኑት ሸለቆዎች ውስጥ፣ ሚርትል ቢች የሚባል ዛፍ ይበቅላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኖቶፋገስ ከኒንጋሚ ነው። የሁለቱ ጠባይ ፈጽሞ አይገናኝም። ባህር ዛፍ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ እሳት ካለፈበት በኋላ እንኳ ከግንዱ ላይ ለጋ ቅጠል ያወጣል። ሚርትል ቢች ግን እሳት አይችልም፣ ቁስል አይችልም፣ ዘሩም ከእናቱ ርቆ አይሄድም። ታዲያ እንዲህ ያለ ስስ ዛፍ እንዴት እስከ 500 ዓመት ይኖራል? የሚያኖረው ቦታው ነው። እርጥበቱ፣ ጥላውና ጸጥታው እስካለ ድረስ ማንም አይችለውም፤ ቦታው ከተነካ ግን መዳኛ የለውም። ስለ ቅጠሉም፣ ስለ ዘሩም፣ ስለ በሽታውም የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ ስያሜው ብዙ አልቆይም። በ1840 እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ዊልያም ሁከር ፋገስ ከኒንጋሚ ብሎ መዘገበው፤ መታሰቢያነቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሲድኒ ላይ ላረፈው አሳሽና ዕፅዋት ሰብሳቢ ለአለን ከኒንጋም ነው። ፋገስ ቢች የሚባለው የአውሮፓ ዛፍ የሚጠራበት ሳይንሳዊ ስም ነው። ቆይቶ የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ቢቾች ከአውሮፓዎቹ ተለይተው ኖቶፋገስ ተባሉ፤ በ2013 ደግሞ ሁለት የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ኖቶፋገስን ራሱን ለአራት ከፈሉት። በእነሱ አከፋፈል ዛፋችን ሎፎዞኒያ ከኒንጋሚ ይባላል። በመጻሕፍትና በጫካ ሰሌዳዎች ላይ ሁለቱንም ስሞች ታገኛላችሁ፤ ዛፉ ያው አንዱ ነው።

በተፈጥሮ የሚገኘው በሁለት የአውስትራሊያ ግዛቶች፣ በታዝማኒያ ደሴትና በቪክቶሪያ፣ ብቻ ነው። ታዝማኒያ ውስጥ ምዕራቡን ይዞታል፣ በተለይም ታርካይን የሚባለውን የሰሜን ምዕራብ ጫካ፤ ሰሜን ምሥራቁም ደጋ ላይ አለ። ቪክቶሪያ ውስጥ ኦትዌይ ተራሮች፣ ከሜልበርን በስተምሥራቅ ያለው ደጋ፣ ስትሬዝሌኪና ዊልሰንስ ፕሮሞንተሪ ላይ፣ በየሸለቆው ተቆራርጦ ይገኛል። ሜልበርን ለምትኖሩ ቅርቡ ዋርበርተን አጠገብ ያለው የዶና ቡዋንግ ተራራ ሸለቆ ነው፤ ረዘም ላለ መንገድ ኦትዌይ ውስጥ ሜይትስ ሬስት አለ። በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይፈልጋል። ከጠቅላላው መጠን ይበልጥ ወሳኙ ግን በበጋው፣ ማለትም ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ዝናቡ አለመቋረጡ ነው፤ በየወሩ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ካላገኘ ይቸገራል። በክረምት 2000 ሚሊ ሜትር ዘንቦ በጋው ቢደርቅ ለሚርትል ቢች ምንም አይጠቅመውም።

አሁን እንለየው። ጥሩ አፈር ባለው ሸለቆ ከ30 እስከ 40 ሜትር ይቆማል፤ ጥቂቶቹ 50 ይደርሳሉ፣ የግንዳቸውም ስፋት 2 ሜትር ይሆናል። እግሩ በሞስ (እንደ ምንጣፍ በሚለጠፍ አረንጓዴ ተክል) የተሸፈነና ወጣ ወጣ ያለ ነው። ነፋስ በሚበዛበት ተራራ አናት ላይ ደግሞ ያው ዝርያ ከሰው ወገብ የማያልፍ ቁጥቋጦ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቅጠሉም ከፍታ በጨመረ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። ቅጠሉ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቅርጹ ወደ ሦስት ማዕዘን ያደላል፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ነው፣ ላዩ ጥቁር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ነው። በቀንበጡ ላይ አንዱ በግራ ቀጥሎ ያለው በቀኝ እየሆነ በሁለት ረድፍ ይደረደራል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አብሮት የሚበቅለው ሳሳፍራስ የሚባል ዛፍ ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ የታችኛው ገጻቸው ነጣ ያለ ነው፣ ሲያሹትም ይሸታል። ሚርትል ቢችን ብታሹት ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም።

በጸደይ፣ ከሴፕቴምበር ጀምሮ፣ ለጋው ቅጠል የመዳብ፣ አንዳንዴም የደም ቀለም ይዞ ይወጣል። ጎብኚ ይህን አይቶ «ዛፉ ታመመ» ይላል። አልታመመም። ቀይ ሆኖ የሚታየው የቅርንጫፉ ጫፍ ብቻ ከሆነና ቅጠሉ ለስላሳ ከሆነ ጤና ነው፤ የሚያስፈራውን ቀለም በኋላ እናያለን።

ሚርትል ቢች ቅጠሉን የማያረግፍ ዛፍ ነው። ታዝማኒያ ውስጥ የሚያረግፍ ወንድም አለው፣ ኖቶፋገስ ገኒ። ቅጠሉ በደም ሥሮቹ መካከል እጥፍ እጥፍ ያለ ሲሆን፣ በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ ላይ ማውንት ፊልድና ክሬድል ማውንቴን ላይ ወርቃማና ቀይ ይሆናል። ሰው ከየአገሩ የሚጎርፈው ለእሱ ነው። ለእኔ ግን ዓመቱን ሙሉ በዝምታ የሚሠራው የዛሬው ዛፋችን ይበልጣል።

ወደ አበባውና ዘሩ እንምጣ፤ የዚህ ዛፍ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዛፍ ወንዴም ሴቴም አበባ አለው። ወንዴዎቹ በቅጠል ብብት ውስጥ ተንጠልጥለው ይወጣሉ፤ ሴቴዎቹ ከእነሱ ከፍ ብለው ወደ ቀንበጡ ጫፍ ይሆናሉ። የሚያዳቅላቸው ነፋስ ነው፤ ስለዚህ ቀለምም፣ ማርም፣ ሽታም የላቸውም። ብቻውን የቆመ ዛፍ የአበባ ብናኝ ስለማይደርሰው ፍሬው አብዛኛው ባዶ ይሆናል።

ፍሬው በበጋው መጨረሻ ሲደርስ አንዱን ልቀሙና በአጉሊ መነጽር ተመልከቱት። ርዝመቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ውጪው በአራት ክንብንብ ይከፈታል፤ በእያንዳንዱ ክንብንብ ጀርባ ላይ ወደ ኋላ የታጠፉ ትንንሽ ዘንጎች በረድፍ ይታያሉ። ሲከፈት ውስጡ ሦስት ዘር ነው። ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉት ባለ ሦስት ጎን ናቸው፤ መካከለኛው በሁለቱ ተጨፍልቆ ያደገ ስለሆነ ጠፍጣፋ ነው። ጠርዛቸው ላይ ቀጭን ክንፍ አለች፤ ለይስሙላ ያህል ናት። ነፋስ ቢያነሳቸውም አብዛኛው ዘር ከእናቱ ዛፍ በጥቂት አሥር ሜትሮች ውስጥ ይወድቃል። ሥጋ ያለው ፍሬ ስላልሆነ ወፍ ውጦ ሩቅ አይወስደውም። ትንሽ ራቅ የሚለው ጅረት ያገኘው ዘር ነው።

ይባስ ብሎ ዘሩ አፈር ውስጥ አይጠብቅም። የበጋው ዘር በቀጣዩ ጸደይ ይበቅላል፤ ካልበቀለ ይበሰብሳል። የእነዚህ ጫካዎች ግራሮች ዘራቸው አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ተኝቶ እሳት ሲነካው ይነሳል። ሚርትል ቢች እንዲህ ያለ ተቀማጭ የለውም። ብዙ ዘር የሚሰጠውም በየዓመቱ ሳይሆን በጥቂት ዓመት አንዴ ነው። በቅጠል ብዛት በተሸፈነ መሬት ላይ የወደቀ ዘር ሥሩ አፈር ሳይደርስ ይደርቃል። የሚያዋጣው ቦታ በሞስ የተሸፈነ የወደቀ ግንድ፣ የዛፍ ፈርን ገላ፣ ወይም ዛፍ ተገንድሶ ሥሩ የገለበጠው ባዶ አፈር ነው። ችግኙ በጥላ ሥር ለዓመታት ቆሞ መጠበቅ ይችላል፤ ወደ ላይ የሚመዘዘው ትልቅ ዛፍ ወድቆ ብርሃን ሲገባ ነው።

አሁን እሳቱን እዚህ ላይ ጨምሩበት። የሚርትል ቢች ቅርፊት ቀጭን ነው፤ ሙቀቱ ቶሎ ይዘልቀዋል። እሳቱ ቀላል ከሆነ አንዳንዱ ከሥሩ ዙሪያ ያቆጠቁጣል፣ ግን እንደ ባህር ዛፍ አትመኑት። ከላዩ የሚቆመው ግዙፉ ባህር ዛፍ፣ ኢውካሊፕተስ ሬግናንስ፣ ራሱ በኃይለኛ እሳት ይሞታል፤ ሆኖም በአናቱ ላይ ያከማቸውን ዘር በአመዱ ላይ ያራግፋል፣ ያውም ያለ እሳት ጥሩ አድርጎ አይተካም። በ1968 የታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲው ጃክሰን ጉዳዩን እንዲህ አስቀመጠው፦ ባህር ዛፍ ወደ 400 ዓመት ያህል ይኖራል፤ በዚህ ዕድሜው ውስጥ እሳት ካልመጣ ልጆቹን ሳይተካ ያረጅና ይወድቃል፣ ቦታውንም ከሥሩ ያደገው ሚርትል ቢች ይወርሳል። እሳት ቶሎ ቶሎ ከመጣ ደግሞ ሚርትል ቢች ይጠፋና ባህር ዛፍ፣ ከዚያም ቁጥቋጦና ሣር ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ኮረብታ ላይ ሁለቱን ስታዩ የምታነቡት የእሳት ታሪክ ነው። በጃንዋሪ 1939 እና በፌብሩዋሪ 2009 በቪክቶሪያ ደጋ የተነሱት እሳቶች ይህን ድንበር በየሸለቆው ገፍተውታል። በተለመደው ዓመት እሳት ሚርትል ቢች ጫካ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይሞታል፤ ውስጡ እርጥብ ነው፣ የሚነድ የባህር ዛፍ ልጣጭም የለም። ድርቁ ሲብስ ግን ውስጡም ይደርቃል፣ ያኔ እሳቱን የሚያቆመው የለም።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ሁለተኛውን ጠላት ደግሞ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም የምናመጣው እኛው ነን። ሚርትል ዊልት የሚባለው የማጠውለግ በሽታ ነው። አምጪው ፈንገስ በ1987 ቻላራ አውስትራሊስ ተብሎ ተመዘገበ፤ ዛሬ ዴቪድሶኒየላ አውስትራሊስ ይባላል። ከባሕር ማዶ የመጣ አይመስልም፤ የዚያው ጫካ ነዋሪ ነው ተብሎ ይታመናል። ስፖሩ (እንደ ዘር የሚበተነው ብናኙ) በነፋስና በውሃ ይጓዛል፣ ጤነኛ ቅርፊት ግን አይበሳም። መግቢያው ቁስል ነው፦ የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ በመኪና የተላጠ ግንድ፣ በቁፋሮ የተቆረጠ ሥር። ገብቶም ከቅርፊቱ ሥር ባለው፣ ውሃ በሚያመላልሰው እንጨት ውስጥ ይሰራጫል። ያ እንጨት ሲቆረጥ ጥቁር ቡኒ እድፍ ይታይበታል። ውሃው ሲቋረጥ ዛፉ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ይሞታል።

የሚያስፈራው ቀለም ይኸው ነው። መላው አናት በአንድ ጊዜ ይገረጣል፣ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ከዚያ ቡኒ ይሆናል፤ የደረቀው ቅጠልም ቶሎ አይረግፍም፣ ለወራት እንደተሰቀለ ይቆያል። ድርቅ የጎዳው ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ከቀንበጥ ጫፍ፣ ከፊል ከፊሉ ነው የሚደርቀው። ልዩነቱን ከሩቅ መለየት ይቻላል።

ዛፉ መሞት ሲጀምር ፕላቲፐስ ሰብግራኖሰስ የተባለ ትንሽ ቦርቧሪ ጥንዚዛ ይመጣል። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይበሳል፤ የሚያወጣው ነጭ ሰጋቱራ በግንዱ እግር ሥር ይከመራል። ብዙ ሰው ዛፉን የገደለው ጥንዚዛው ይመስለውና ፀረ ተባይ ይረጫል። ከንቱ ድካም ነው፤ ጥንዚዛው የሚመጣው ፈንገሱ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ነው። የሰጋቱራው ጉዳት ሌላ ነው፦ ፈንገሱን ይዞ በነፋስ ይበናል፣ የጎረቤትም ቁስል ላይ ያርፋል።

ከመሬት በታችም መንገድ አለው። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሚርትል ቢቾች ሥሮቻቸው ተገናኝተው እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ፈንገሱ በዚያ በኩል ከታመመው ወደ ጤነኛው ይሻገራል። ለዚህ ነው ዛፎቹ ተራርቀው ሳይሆን በአንድ ቦታ ተሰብስበው ሞተው የምታዩት። ትልልቆቹ ከቀጫጭኖቹ ይበልጥ ይጠቃሉ። ይህ ሁሉ ያለ ሰው እጅም የሚሆን ነገር ነው፤ መንገድ በተቆረጠበት፣ ዛፍ በተጣለበትና ጫካው በተከፈተበት ግን ይብሳል። ቪክቶሪያ በ1988 ባወጣችው የዕፅዋትና እንስሳት ጥበቃ ሕግ መሠረት በሽታውን ከልክ በላይ የሚያባብስ የሰው ሥራ በሥጋት ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል።

መድኃኒት የለውም። ያለው መንገድ አለማቁሰል ነው። በጫካው ውስጥ መተላለፊያ የሚሠራ ሰው መሬቱን ቆፍሮ ማስተካከል የለበትም፤ ሥሩ እላይ እላይ ስለሚሄድ አንድ ዶማ ብዙ ዛፍ ያቆስላል። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቶ፣ ምሰሶው በእጅ በተፈተሸ ቦታ ብቻ ይተከላል። ሰሌዳ በግንድ ላይ በምስማር አይመታም። ቅርንጫፍ መቆረጥ ካለበት፣ ማለትም በሰው ላይ የሚወድቅ ከሆነ ብቻ፣ መጋዙ ከዛፍ ወደ ዛፍ በሄደ ቁጥር በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። የሞተውን ዛፍ «ለማጽዳት» መጣልም ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ ሲወድቅ ጎረቤቶቹን ይልጣል፣ ሰጋቱራውንም ይበትናል። መንገደኛ የማይደርስበት ከሆነ ቆሞ ይበስብስ። ጫማችሁንም ከመግባታችሁ በፊት ከጭቃ አጽዱ።

ሁሉም ፈንገስ ግን ገዳይ አይደለም። በኖቬምበርና በዲሴምበር ቅርንጫፍ ላይ ካለ እባጭ ዙሪያ ብርቱካንማ ድቡልቡል ነገሮች ተሰብስበው ታያላችሁ፤ ሲታሪያ ገኒ ይባላል። ጥገኛ ነው፣ እባጩንም የሚያመጣው እሱ ነው፤ ዛፉን ግን አይገድልም። የታዝማኒያ ጥንታዊ ነዋሪዎች ይበሉት ነበር። ቻርልስ ዳርዊን በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በቲየራ ዴል ፉዌጎ፣ ሰዎች የእሱን ዘመድ ከዚያው ከኖቶፋገስ ዛፍ ለቅመው ሲበሉ አይቷል። የሲታሪያ ወገን ከኖቶፋገስ ዘመዶች በቀር ሌላ ዛፍ ላይ አይኖርም። ዛፉና ጥገኛው በፓስፊክ ሁለቱም ዳርቻ አብረው መገኘታቸው ደቡቡ ምድር ጎንድዋና ሆኖ አንድ ላይ ከነበረበት ዘመን ጋር ይያያዛል፤ የኖቶፋገስ የአበባ ብናኝ በቅሪተ አካል ወደ 80 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ቅጠሉም በአንታርክቲካ ድንጋይ ውስጥ ተገኝቷል። በአፍሪካ ግን የለም፤ አፍሪካ ቀድማ ተለይታ ሄዳለች። ሆኖም ሁሉን በአህጉር መከፋፈል ማስረዳት አያዋጣም፤ በዘር ውርስ የተሠሩ የዘመን ስሌቶች የኒውዚላንዶቹ ቢቾች ባሕር ተሻግረው እንደደረሱ ያሳያሉ። ለዘሩ ድክመት ይህ የሚገርም ነው፣ ግን ሚሊዮን ዓመት ረጅም ጊዜ ነው።

ስለ እንጨቱ የሚጠይቅ አይጠፋም። ከሐምራዊ እስከ ቀይ ቡኒ ነው፣ ለቤት ዕቃ ሥራ ያምራል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ክፉ ጠባዩ ሲደርቅ ነው፤ ቀዩ እምብርት በፍጥነት ከደረቀ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ውስጡም ይሰነጠቃል። ስለዚህ አናጢዎች በአየር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ አድርገው ነው ወደ ማድረቂያ ምድጃ የሚያስገቡት።

መትከል ለምትፈልጉ ሥራው እንዲህ ነው። ዘር ከችግኝ ጣቢያ ግዙ፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ መልቀም ክልክል ነው። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቡኒ ሲያዘነብል ይለቀምና በወረቀት ላይ ተዘርግቶ ለጥቂት ቀን ሲቆይ ራሱ ይከፈታል። ዘሩን ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ የሚንሳፈፈው በአብዛኛው ባዶ ነው። ካልተማመናችሁ ከሰመጠው አሥሩን በምላጭ ሰንጥቁ፤ ውስጡ ነጭና ሙሉ ካልሆነ ዘሩን ተዉት። ከዚያ እርጥበት ካለው ንጹሕ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በከረጢት ፍሪጅ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ ገደማ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አቆዩት። ይህ ቅዝቃዜ ክረምቱን የሚተካ ነው፤ ከተዘለለ ዘሩ ተበጣጥሶ፣ አንዱ ዛሬ ሌላው ከሦስት ወር በኋላ ይበቅላል። አሸዋው ሲጨመቅ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ሻጋታ ይይዘዋል፤ በየሳምንቱ ክፈቱና እዩት።

ውሃ በማይቋጥር፣ ኖራ በሌለበት፣ ወደ አሲድ በሚያዘነብል አፈር ውስጥ ዝሩት፤ የሚሸፍነው አፈር 3 ሚሊ ሜትር ይብቃው። ግማሽ ጥላ ይሁን። ችግኙ ሁለት ሦስት ቅጠል ካወጣ በኋላ ማደጉን የሚያቆም ከሆነ ብዙ ጊዜ ሥሩ ከረዳቱ ፈንገስ ጋር አልተገናኘም። ይህ ዛፍ በሥሩ ዙሪያ ከሚኖሩ ጠቃሚ ፈንገሶች ጋር ነው የሚመገበው፤ ብዙ ማዳበሪያ ያንን ትብብር ያፈርሰዋል። ከጫካ አፈር አምጥቶ መቀላቀል የድሮ ዘዴ ነው፤ አልመክረውም፣ ከጠቃሚው ጋር ገዳዩም ሊመጣ ይችላል። ጤናማ ችግኝ ካለበት ጣቢያ የተገዛ አፈር ይሻላል። ወደ መሬት የሚዛወረው በኤፕሪል ወይም በሜይ፣ ዝናቡ ሲጀምር ነው። ሥሩን አትፍቱት፣ አትቁረጡት፤ ዙሪያውን ቅጠልና የእንጨት ቅርፊት አልብሱት፣ ግንዱን ግን እንዳይነካው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ላዩ አፈር ሳይደርቅ አጠጡ።

በሜልበርን ምዕራብ፣ ፉትስክሬ በሚባለው ሰፈርና አካባቢው ላላችሁ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ከሜልበርን በስተምዕራብ ያለው ዝናብ የሚርትል ቢችን ፍላጎት ግማሹን እንኳ በጭንቅ ነው የሚሞላው፤ ጥቁር ሸክላ አፈሩም በበጋ ይሰነጠቃል። እዚያ በመሬት ላይ አትትከሉት፣ ሁለት ዓመት ትደክሙበትና የመጀመሪያው ሞቃት ነፋስ ይወስደዋል። ዳንዴኖንግ ተራራ ላይ ቤት ያለው ዘመድ ካላችሁ እዚያ ይሆናል። ካልሆነ በትልቅ ማሰሮ፣ በቤቱ ደቡብ በኩል ባለው ጥላ ሥር፣ ዓመታት ይቆያል፤ ማሰሮውን በየሁለት ዓመቱ አስፉለት፣ ውሃውንም የዝናብ ውሃ አድርጉት።